የጌዶው ሽምግልና በጠባብ ሱሪ

አምቦ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ነበሩ። እኔ ኮሌጅ ኢኮኖሚክስ ስለማስተምር ለፋብሪካና ለግለሰብ ነፃነት ጠበቃ አድርገው ሾሙኝ፤ እሳቸው ከሳሽ። ከሥራ ስገባ በረንዳ ላይ ይጠብቁኛል።

"ድሮ ማሽን አልነበረንም፤ ሰው ግን ነበረን" ይላሉ።

"እርስዎስ ሰው ነበረዎት ጋሼ። ልብስዎን የሚያጥቡት እትዬ ማን ነበራቸው?"

ባለቤታቸው እትዬ ከጓዳ ይስቃሉ።

አንድ ቀን ልጃቸው ከአዲስ አበባ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላከችላቸው። ከዚያ ወዲህ እትዬ ቅዳሜ ቤት አይገኙም። ከጎረቤቶቻቸው ጋር ወንጪ ድረስ ሄደው ፈረስ ላይ ፎቶ ተነስተው መጡ። ጋሼ ፎቶውን እያገላበጡ "ማሽኑስ ይሁን፣ ይኼ ነፃነት ነው የከፋው" አሉኝ።

ጋሼ ጌዶ ከተማ ለሽምግልና በተጠሩበት ጠዋት ሱሪዎቻቸው ሁሉ ማሽኑ ውስጥ እንዳሉ መብራት ጠፋ። የማሽኑ በርም አልከፈት አለ።

"ማል ታቴ? ምን ሆንክ?" አሉ እትዬ፣ ጋሼ ጋቢ ለብሰው ሲጮኹ ሰምተው።

"ኢንዱስትሪው ሱሪዬን በላው!"

የእኔን አዋስኳቸው። እኔ ቀጭን ነኝ፤ እሳቸው አይደሉም። ለሱሪዬ ሰግቼ አብሬ ሄድኩ።

ጉዳዩ የአንዲት ልጅ ነበር። አባትየው ለአንድ ሀብታም የከብት ነጋዴ ሊድሯት ይፈልጋሉ፤ እሷ ደግሞ ራሷ የመረጠችው ሹፌር አላት። ጋሼ ሽምግልና ሲቀመጡ ስለ ድሮ ወግ ብቻ እስከ ምሳ ሰዓት ያወራሉ። ያን ቀን ግን ገና ቁጭ ከማለታቸው ሱሪው ስፌቱ ላይ ተርተር አለ። እንዳይቀደድ ብድግ አሉና ወጉን ሁሉ ዘለሉት።

"የመረጠችውን ታግባ! መብቷ ነው!"

ሁሉም ደነገጠ። ትልቁ ሽማግሌ ቆመው ሲናገሩ ቁርጥ ያለ ነገር ይመስላል፤ አባትየውም ጥቂት ካንገራገሩ በኋላ እሺ አሉ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ "ነፃነት አሸነፈ" አልኳቸው።

"ያሸነፈው ስፌትህ ነው" አሉ። ኋላ ላይ "ልጅቷ እጄን ስትስም አየሃት? እያለቀሰች ትስቅ ነበር። እትዬህን ሲድሩልኝ እኮ ማንም አልጠየቃትም" አሉ።

ቤት እንደገባን በቀጥታ ወደ ጓዳ ሄዱ።

"ያኔ ጠይቀውሽ ቢሆን ኖሮ እሺ ትዪ ነበር?"

እትዬ የያዙትን ሰሃን አስቀመጡ፤ ባላቸውን በእኔ ሱሪ ከላይ እስከ ታች ገረመሟቸው።

"ቆይ፣ ላስብበት" አሉ።