«ቆዩ፣ ለልጅቱም ይነገራት»

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ጣና ዳር ጀልባ እየሠሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ከጀልባ ላይ ሐይቁ ውስጥ የወደቁበትን ቀን ሲያወሩ ቤቱን በሳቅ ይሞሉት ነበር።

አንድ የኢድ ቀን ፋሲሎ ሰፈር ባለው ቤታችን ተሰብስበን ይህንኑ ሲያወሩልን፣ መስማት የተሳናት የአራት ዓመት ልጄም አብራን ሳቀች። እኔ ደስ አለኝ። እሳቸው ግን ወሬያቸውን አቁመው አዩዋት።

«በምን እንደሳቅን ነግረሻታል?» አሉኝ።

«በኋላ እነግራታለሁ።»

«በኋላማ ሳቁ ያልቃል። ይች ልጅ ብቻዋን ላለመቅረት ነው የምትስቅ።»

ተነሥተው ፊቷ ቆሙና አወዳደቃቸውን፣ ኮፍያቸው ሲንሳፈፍ፣ እሳቸው ሲንደፋደፉ፣ ሁሉንም በእጃቸውና በፊታቸው አሳዩዋት። ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም የምልክት ቋንቋ መማር የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው። እሳቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጨዋታው መካከል እጃቸውን አንሥተው «ቆዩ፣ ለልጅቱም ይነገራት» ይሉ ነበር።

ካረፉ ስድስት ወር ሆናቸው። አሁን ጨዋታችንን የሚያስቆም ሰው የለም። ባለፈው ጁምዓ እንግዶች ሲያስቁን እኔም ረሳኋት። ልጄ ግን በውሸት አልሳቀችም። ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጋ ሁላችንንም ዝም አሰኘችንና በእጇ «ምንድን ነው?» አለችን።

ከመጀመሪያው ጀምረን ነገርናት።