የምትሰማዋ ልጅ

ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ባረፈች ዓመት፣ ምንም ነገር አይሰማኝም ነበር። ምግቡ አይጣፍጠኝም፣ ብርዱ አይበርደኝም፤ ለቅሶ የመጡ ሴቶች ደረታቸውን ሲደቁ እኔ ግድግዳውን አያለሁ። አባቴ ቢጨንቀው ፀዳ ከተማ ከሚገኘው ቤታችን ብዙም ወደማይርቀው ደብር ወሰደኝና ለእማሆይ አስካለ አደራ ሰጠኝ። እማሆይ በኛ ዕድሜ ያሉትን ሴቶች ልጆች የሚያስተምሩ መነኩሲት ነበሩ።

ትምህርቱን በተረት ነበር የሚሰጡን። ያኔ መብራት በየማታው ይጠፋ ስለነበር፣ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ከደጀ ሰላሙ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ፋኖስ አብርተው፣ የከሰል ምድጃውን ከመካከላችን አስቀምጠው፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ ፍሙ ፊታቸውን እያቀላው ያወጉን ነበር። እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ ጸጋ ሰጥቷል፤ ፈልጎ ማግኘቱና ማሳደጉ ግን የሰው ፋንታ ነው ይሉናል።

ከተረቶቻቸው አንዱ ዛሪማ በምትባል አገር ስለነበረች፣ መዝሙር ስለማይሆንላት ልጅ ነው። በክረምት ንግሥ ሕዝቡ ታቦት አጅቦ እየዘመረ ወንዝ ሊሻገር ሲል፣ ዝም ብላ የቆመችው እሷ ብቻ ስለነበረች ከላይ የሚመጣውን ደራሽ ውሃ ሰማች። የቄሱን ቀሚስ ይዛ አስቆመቻቸው፤ ሕዝቡም ተረፈ። ልጆቹ ተረቱን ወደዱት። እኔ ምንም አልመሰለኝም።

ቀስ በቀስ ሁሉም የየራሷን ጸጋ አገኘች። አንዷ ሕፃናቱን ሰብስባ ፊደል ታስቆጥራለች፤ አንዷ የታመመ ስትጠይቅ በሽተኛው ይስቃል። እኔ ጋ ሲደርሱ ግን እማሆይ «ገና ነው» ብለው ያልፉኛል።

ከሁላችንም ሸጋ ድምፅ የነበራት የሺ ናት። የሺ ከአምባ ጊዮርጊስ መጥታ አክስቷ ቤት ሆና ትማር ነበር። አንድ ሰሞን ጠፋች። ልጆቹ ሄደው ቢጠይቋት አሞኛል ብላ መለሰቻቸው። ከዚያ እማሆይ እኔን ላኩኝ። ምን ልበላት ብላቸው፣ ምንም አትበያት፣ ዝም ብለሽ አጠገቧ ተቀመጪ አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ከውጭ ባጃጆች ሲያልፉ ይሰማል። ብዙ ከቆየን በኋላ የሺ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች መናገር ጀመረች። አባቷ ለጥር ሊድሯት ቃል ሰጥተዋል፤ ሰውየውን አይታው አታውቅም፤ አክስቷም ዝም በይ ብላታለች።

«ለልጆቹ ምነው ያልነገርሻቸው?» አልኳት።

«ያለቅሱብኛል። እነሱን ሳባብል የኔ ይቀራል። አንቺ አታለቅሺም።»

ለእማሆይ ልንገርልሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። እሺ አለች።

በማግስቱ እማሆይ በሚኒባስ አምባ ጊዮርጊስ ወጡ። የቤተሰቡን የንስሐ አባት ይዘው ከየሺ አባት ከአያ ሞላ ደጅ ተቀመጡ። አያ ሞላ ቃሌን አላጥፍም ብለው ግቡም አላሏቸው አሉ። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው ይህን ጋብቻ አልባርክም ሲሏቸው ግን ተሸነፉ፤ ትምህርቷን እስክትጨርስ አልድራትም ብለው ቃል ገቡ።

የሺ ተመልሳ የዘመረች ዕለት ልጆቹ ሁሉ አቅፈዋት ሲያለቅሱ እኔ እንደ ግንድ ቆሜ ነበር። እማሆይ ለብቻዬ ጠሩኝና ጸጋሽ ተገኘ አሉኝ።

«እማሆይ፣ እኔ እኮ ምንም አይሰማኝም።»

«መቼ ይሰማሻል አልኩሽ?» አሉኝ። «ትሰሚያለሽ ነው የምልሽ።»

ከዚያ ወዲያ፣ ጸጋ ካልሠሩበት ይዝጋል እያሉ ሐዘንተኛው ዘንድ ሁሉ ይልኩኝ ጀመር። እየሄድኩ ተቀመጥኩ። ሰው ሲናገር ቶሎ አለመመለስን፣ የሰማሁትን ሳያስፈቅዱ ለሌላ አለመናገርን የተማርኩት ያኔ ነው።

እማሆይ አርፈዋል። ዛሬ በዚያች ክፍል ሴቶች ልጆችን የማስተምረው እኔ ነኝ። ስሜቴ መቼ እንደተመለሰ በውል አላውቅም፤ ሁሉም ተመልሷል ለማለትም አልደፍርም። አዲስ ልጅ ስትመጣ ምን ትችያለሽ ብዬ አልጠይቃትም። መንገዱ እንዴት ነበር እላትና እጠብቃለሁ። አንዳንዷ ወዲያው ትናገራለች፤ አንዳንዷ ዐቢይ ጾም ገብቶ እስኪፈታ ትቆያለች።