ካቆምኩበት ያጣሁት መኪና

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና ክረምት ላይ ነው። ከሐሳቤ ያልወጣው አንድም ለአንድ ወር ያህል አእምሮዬ እየከዳኝ ነው ብዬ ስላመንኩ፣ ሌላም መጨረሻው ላይ ለአንድ ሰው የሰጠሁት መልስ እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ ስላልለየልኝ ነው።

ሰይድ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ወሎ ነው። መቀሌ የመጣሁት ገና ረዳት ሳለሁ ጭነት ይዘን ነበር፤ ኋላ ሾፌር ሆኜ እዚሁ አግብቼ ቀረሁ። ባለቤቴ ዘይነብ የመቀሌ ልጅ ናት፤ ጨርቅ ትሸጣለች። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ተሳቢ ስነዳ ኖሬ የወገብ ዲስክ መንሸራተት ያዘኝና ሐኪም መንዳት ከለከለኝ። መኪናዬንም ሸጥኩ። ኑሮው መንገድ ላይ የነበረ ሰው ቤት ሲውል ምን እንደሚሆን የሚያውቀው የደረሰበት ነው። ጠዋት ዘይነብ ወደ ሱቋ ስትሄድ እኔ በር ላይ ወንበር አውጥቼ፣ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ከድምፁ ምን ያህል እንደተጫነ እገምታለሁ። ከዚያ ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ልጄ ራሕማ እዚሁ መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ሁኔታዬ አሳዝኗት አንድ ቀን አሮጌ ላፕቶፕና ጆይስቲክ ይዛልኝ መጣች። የከባድ መኪና ጨዋታ ነው አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ጨዋታ ታመጪልኛለሽ ብዬ ተቆጣሁ። እሷ ግን ከፈተችው። ጋቢናው፣ ስፖኪዮው፣ የሞተሩ ድምፅ ሁሉ እንዳለ ነው። ወንበሬን አስጠጋሁ።

ላፕቶፑ ይህን የመሰለ ጨዋታ የመሸከም አቅም እንደሌለው አስረዳችኝ። ጨዋታው ያለው ውጭ አገር፣ የኩባንያው ትልቅ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። እኔ እዚህ ስነካ ትእዛዜ በኢንተርኔት እዚያ ይደርሳል፣ መኪናው እዚያ ይታጠፋል፣ ወደ እኔ የሚመጣው ምስሉ ብቻ ነው። ከዚህ ሆኖ በቀጥታ መመዝገብ ስለማይቻል አካውንቱን የወሰደችው ከአንድ የኮምፒዩተር ዕቃ ሻጭ ነው። ስሙንና የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጥቷታል።

«ታዲያ መኪናው የማን ነው?» አልኳት።

«ያንተ ነዋ፣ አባ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት መንዳት ጀመርኩ። መጀመሪያ የሰው መኪና እየነዳሁ ጭነት አደረስኩ፤ ቆይቼ በጨዋታው ውስጥ የራሴን መኪና አወጣሁ። አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። ዝናብ ሲጥል ኔትወርኩ ይደክምና ምስሉ ይበታተናል፤ መሪውን አዙሬው መኪናው ቆይቶ ነው የሚታዘዘው። ያንንም ፍሬኑ የላላ መኪና እንደያዝኩ ቆጥሬ ቀድሜ መያዝን ለመድኩ። ሁልጊዜ ስጨርስ መኪናውን አፍንጫው ወደ መውጫው እንዲሆን አድርጌ አቆማለሁ። ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ልማድ ስለሆነ ሌላ አቋቋም አላውቅም።

አንድ ጠዋት ስከፍተው መኪናው ያቆምኩበት ወደብ ላይ የለም። ሌላ ከተማ ውስጥ፣ አፍንጫው ግድግዳ ላይ ተደፍቶ ቆሟል። ትናንት እዚህ መጥቼ ነበር እንዴ ብዬ አሰብኩ። አላስታወስኩም። በማግስቱ ያልጫንኩት ጭነት ደርሷል ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። በሌላ ቀን ደግሞ ባዶ አድርጌ የተውኩት የነዳጅ ታንክ ሞልቶ ጠበቀኝ። አንድ ጊዜም ገና ከመግባቴ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጽፎ አስወጣኝ። ኔትወርክ ነው ብዬ ተውኩት።

ያን ሰሞን ያስፈራኝ ጨዋታው አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ መጨረሻው ላይ ሰው ይረሳ ነበር። ሚስቱን እንደ እንግዳ ተቀመጪ እያለ ይለምናት ነበር። እኔም ወደዚያው እየሄድኩ መሰለኝ። አንድ ጊዜ ከተጠራጠሩ ማስረጃው አይጠፋም። ጃንጥላዬን መስጊድ ረሳሁ። ጎረቤቴን በወንድሙ ስም ጠራሁት። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ለእኔ ግን እያንዳንዱ ምልክት ሆነ።

ራሴን ለመፈተን ደብተር ያዝኩ። በየቀኑ መኪናውን የት እንዳቆምኩ፣ ምን እንደጫንኩ፣ ነዳጁ ምን ያህል እንደሆነ እጽፋለሁ። ጠዋት ከፍቼ አመሳክራለሁ። አንድም ቀን አልገጠመልኝም። ደብተሩን ከፍራሽ ስር ደበቅሁት። ለዘይነብም ለራሕማም ትንፍሽ አላልኩም።

ዘይነብ አልጋ ስታነጥፍ አገኘችው። ከሰዓት በኋላ ነበር። ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ደብተሩን ጭኗ ላይ ዘርግታዋለች። «መኪናዬን ወደብ አቆምኩ፣ ሲሚንቶ ጭኛለሁ፣ ጠዋት እነሣለሁ» የሚለውን አንብባለች። እሷ የምታውቀው መኪናዬ ከተሸጠ ሁለት ዓመት እንዳለፈው ነው።

«ኣቦ ራሕማ፣ የትኛው መኪና ነው ይሄ?» አለችኝ በቀስታ፣ እንደ ልማዷ የራሕማ አባት ብላ ጠርታኝ።

የጨዋታው ነው ብላት፣ ታዲያ ለምን ደበቅኸው ትለኛለች። የደበቅሁበትን ከነገርኳት ደግሞ ያው የፈራሁት ይመጣል። ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ አላለቀሰችም። ደብተሩን አጠፈችና ወንድምህም እንዲህ ነበር የጀመረው፣ ነገ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን አለች። በቃ፣ ከእንግዲህ የሚረሳ ሰው ሆንኩ ብዬ ተቀበልኩት።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት ናት። ቀኑን ጠየቀችኝ፣ ወሩን ጠየቀችኝ፣ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነስኩ እንድወርድ አደረገችኝ። ሦስት ቃላት ነግራኝ ቆይታ መልሳ ጠየቀችኝ፤ ሦስቱንም መለስኩ። እንግዲያው ምን አይተው ተጠራጠሩ አለችኝ። ዘይነብ ደብተሩን አውጥታ ሰጠቻት። ሐኪሟ እያገላበጠች ብዙ ጠየቀችኝ፤ ጨዋታው ምን እንደሆነ ለማስረዳት እኔም ብዙ ደከምኩ። በመጨረሻ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አባት፣ ይህን መኪና ከእርስዎ ሌላ የሚነዳ ሰው ይኖር ይሆን?»

አፈርኩ። ስንት ዓመት ከሌላ ሾፌር ጋር እየተቀያየርኩ የነዳሁ ሰው፣ ያንን ያህል ጊዜ በራሴ ላይ ስፈርድ አንድ ቀን እንኳ ይህን አላሰብኩም።

ራሕማ ሻጩ ዘንድ ሄዳ አፋጠጠችው። አልካደም። አንዱን አካውንት ለሁለት ሰው ሰጥቷል። አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ማታ ስለሚጫወቱ አይጋጩም ብሎ ነው። ሌላው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀችው፤ መንገደኛ ነው፣ አላስታውስም አላት። ራሕማ አካውንቱን ትተን ሌላ እንፈልግ አለች። እኔ ግን ያን ያህል ያስፈራኝን ሰው ማወቅ ፈለግሁ። በጨዋታው የመኪናህ ታርጋ ላይ የፈለግኸውን መጻፍ ትችላለህ። ስልክ ቁጥሬን ጻፍኩበት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ስልኬ ጠራ። የሴት ድምፅ ነው።

«ይቅርታ፣ ይህ ቁጥር የማን ነው? መኪናዬ ታርጋ ላይ ተጽፎ አግኝቼው ነው።»

መኪናዬ ስትል ትንሽ ደሜ ፈላ። ግን እኔም የማንስ ነው ልበላት?

ምሕረት ትባላለች። መቀሌ አጠገብ ቁሓ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ በጽዳት ትሠራለች። በሳምንቱ ከዘይነብ ጋር ቁሓ ሄደን ሻይ ቤት ተቀምጠን አወራን። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት እየተማረች ነው። የማሠልጠኛው መኪና ወረፋ ስላለው ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚደርሰው ጊዜ ትንሽ ነው። ስለዚህ ከሥራ ስትወጣ በአክስቷ ልጅ ኮምፒዩተር ላይ ትለማመዳለች። ያቃታት ተሳቢ ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ነበር።

እሷ ደግሞ የተረዳችው በሌላ መንገድ ነው። ማታ ግድግዳ ላይ ደፍታው የሄደችውን መኪና በማግስቱ ስትከፍት ዞሮ፣ መስመሩ መሐል ልክክ ብሎ ቆሞ ታገኘዋለች። ጨዋታው ራሱ ስህተቴን እያረመልኝ ነው ብላ ታምን ነበር። አቋቋሙን በስልኳ ፎቶ እያነሣች፣ ጎማው ወዴት እንደዞረ፣ ተሳቢው ከመስመሩ ምን ያህል እንደራቀ እያየች ትማርበት ነበር።

«አስተማሪው ሰው መሆኑን አላወቅሁም፣ ኣቦይ ሰይድ» አለችኝ።

ዘይነብ ሳቀች። እኔ ግን ደብተሬን አሰብኩ። ያ ሁሉ ፍርሃቴ ለአንዲት የማላውቃት ልጅ ትምህርት ሲሆን ከርሟል።

ከዚያ ቀን በኋላ አውቀን ተካፈልነው። እኔ ጠዋት ጠባብ ቦታ አስገብቼ እተውላታለሁ፤ እሷ ማታ አውጥታ ሌላ ቦታ ታቆመዋለች። እኔ አይቼ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደውዬ ጥፋቷን እነግራታለሁ። መጀመሪያ ላይ ተሳቢውን ትሰብረው፣ ማለትም ከጋቢናው ጋር እንደ ክርን ታጥፈው ነበር፤ መሪውን አብዝታ ነው የምታዞረው። ቀስ እያለች ገባት። ረዳት ሳሠለጥን ከኖርኩት የተለየ ሆኖ አልታየኝም። ልዩነቱ ጎን ለጎን አለመቀመጣችን ነው። ወገቤንም የረሳሁት ያኔ ነው።

ጥር ላይ ይመስለኛል፣ ጠዋት ስከፍተው በእንግሊዝኛ ረጅም ደብዳቤ መጣ። ለራሕማ በስልክ አነበብኩላት፤ ፊደል እየቆጠርኩ። ኩባንያው አገልግሎቱን ሊዘጋ ነው አለችኝ። እዚህ ብቻ ሳይሆን በሁሉም አገር። ቀኑ ሲደርስ ሁሉም ነገር ይጠፋል።

«መኪናውስ?» አልኳት።

መኪናው እኛ ጋ አልነበረም፣ አባ፣ ምን እናወጣለን አለችኝ። ገልብጠን እናስቀምጠው አልኩ፤ አይገለበጥም አለች። ያንተ ነው ብለሽኝ አልነበረም እንዴ አልኳት። ሻጩ ዘንድም ራሴ ሄድኩ። እሱም ግራ ገብቶታል። እኔም እንደ እናንተ አሁን ነው የሰማሁት፣ ወደፊት ሁሉም ነገር እንዲህ ነው የሚሆነው፣ ዕቃው ሩቅ ሆኖ ምስሉ ብቻ ነው የሚመጣው እየተባለ ነበር፣ አሁን ግን እኔም አላውቅም አለኝ። ልቆጣው ሄጄ አጽናንቼው ተመለስኩ።

ከምሕረት ጋር ተማከርን። በዋዜማው ማታ እሷ ትነዳና ወደቡ ላይ ታቆመዋለች፤ እኔ በመጨረሻው ቀን ጠዋት አቋቋሟን አይቼ ፈተናዋን እፈርዳለሁ። የእኛ ሰዓትና የእነሱ ሰዓት እንደሚለያይ ግን ሁለታችንም አላሰብንም። ጠዋት ስከፍተው ተዘግቷል። ስሙ እንኳ አልቀረም። ደወልኩላት።

«መስመሩ መሐል ነው ያቆምኩት፤ አንድ ስንዝር አልሳትኩም» አለችኝ።

አላየሁትም። ቃሏን ነው ያመንኩት።

እውነተኛውን መኪናዬን ስሸጠው አዝኜ ነበር፤ ግን ማን እንደገዛው አውቃለሁ፣ አንዳንድ ጊዜም ሲያልፍ አየዋለሁ። ይህኛውን ምን ብዬ እንደማዝንለት ቸገረኝ። ተሰረቀብኝ እንዳልል ሌባ የለም። ጠፋብኝ እንዳልል ድሮም እጄ ላይ አልነበረም። ለጓደኞቼ ለሾፌሮቹ ብነግራቸው ሳቁብኝ።

ምሕረት መንጃ ፈቃዱን በሁለተኛው ፈተና አወጣች። መጀመሪያ የወደቀችበት ምክንያት እውነተኛው መኪና እንደነካችው ወዲያው ስለታዘዘላት ነው። ከኢንተርኔቱ መዘግየት ጋር ተላምዳ ቀድማ ታዞር ነበር። ቀድመሽ አዙሪ እያልኩ ያን ያስለመድኳት እኔ ነኝ፤ ደግነቴና ጥፋቴ አንድ ላይ ሆኑብኝ። ፈቃዷን ይዛ ጠጠር የሚያመላልስ አንድ ባለመኪና ዘንድ ለሥራ አመለከተች። የሥራ ልምድ ስትጠየቅ ምን ልበል ብላ ደወለችልኝ። ጨዋታ ብትል ይስቁባታል። ስሜንና ስልኬን ስጪያቸው አልኳት።

ሰውየው በሦስተኛው ቀን ደወለ። በጨዋነት ነው የሚያወራው። ምሕረት የምትባል ልጅ ከእርስዎ ጋር ነድታለች ወይ አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

«በምን?»

«በተሳቢ። ወደ ኋላ ስትሄድ ጎበዝ ናት። መሪ ግን ቀድማ ታዞራለች፤ በእኔ ቃል ብቻ አትቅጠራት፣ አስቀምጠህ ፈትናት።»

«መኪናው አሁን በማን እጅ ነው ያለው? ባለቤቱንም ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ሁሉንም ልንገረው ብዬ አሰብኩ፤ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

«አላውቅም፣ ወንድሜ» አልኩት።

ፈትኖ ቀጠራት። አሁን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን በእኛ ሰፈር ስታልፍ ጥሩምባ ትነፋልኛለች። እጄን አነሣላታለሁ፤ ደስ ይለኛል፣ እኮራባታለሁም። ካለፈች በኋላ ግን ያን ሰውዬ ዋሸሁት ወይስ እውነቱን ነገርኩት እያልኩ በር ላይ እቀራለሁ። ዘይነብን ብጠይቃት እሷም አልለየላትም።