የታችኛዋ ካርታ

ትእዛዙ አጭር ነበር። «ኮረብታውን ያዙ፤ ተተኪ እስኪመጣላችሁ አትልቀቁ» የሚል። ያዝነው። ኮረብታው ለመከላከያ የሚሆን ድንጋይ፣ ለምሽግ የሚመች አፈር ነበረው። ያልነበረው ውሃ ብቻ ነው። ምንጩ ከበታቻችን፣ ገደሉ ግርጌ ነበር፤ ከማዶው ሸንተረር ላይ ላለ ሰው ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። እዚያ የተቀመጠው ተኳሽ ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር።

የቦታውን ስም አልጠራም። ዲላ ውስጥ ሱቄ ደጃፍ ላይ የሚቀመጡ ወጣቶች «ግንባር እንዴት ነበር?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ስለ ጀግንነት እንዳወራላቸው ይጠብቃሉ። እኔ የማወራላቸው ስለ ውሃና ስለ መጫወቻ ካርታ ነው። መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል። ኋላ ግን ሻያቸው እጃቸው ላይ ይቀዘቅዛል።

አሥር ሰው የሆንን አንድ ጓድ ነበርን። መሪያችን ሃምሳ አለቃ ጥላሁን ነበሩ፤ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ ከማለት ይልቅ ዝቅ የሚል ሰው። ማምሻውን፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ማስቸገር ሲጀምር፣ አንድ ሰው ሁለት ጀሪካን ይዞ ወደ ምንጩ ይወርዳል። በመጀመሪያው ቀን ሃምሳ አለቃው ራሳቸው ስም ጠርተው ላኩ። የተላከው በደህና ተመለሰ። እሳቸው ግን እስኪመለስ ድረስ ምሽጉ ውስጥ መቀመጫ አጡ። በማግስቱ «ከእንግዲህ ሰው መርጬ አልልክም» አሉ። «የመጫወቻ ካርታ ያለው ማነው?»

ካርታ የነበረው በራሶ ነው። በራሶ ከዲላ ብዙም የማትርቀው የኮንጋ መንደር ልጅ ነው፤ ከእኔ ከዲላው ጋር አንድ ጓድ ውስጥ መግባታችን አጋጣሚ ነበር። ካርታውን በፌስታል ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይይዘዋል። ደንብ አወጣን። አንዷ ጆከር የሆነች አሥር ካርታ ይለያል። ባለቤቱ በራሶ ይበውዛል። ሃምሳ አለቃው ይቆርጣሉ። የቆረጠ የመጀመሪያዋን ይወስዳል፤ የበወዘ የመጨረሻዋን። ጆከር የደረሰችው ይወርዳል። ካርታ የተጫወተ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መቁረጥ ያልፈለገ ሰው ካርታውን በጣቱ መታ አድርጎ ያልፋል። ሃምሳ አለቃው ሁልጊዜ መታ ያደርጉ ነበር። አንድም ቀን ቆርጠው አያውቁም።

ጆከሯ በራሶን ወደደችው። ሌሎቻችንም አልፎ አልፎ ይደርሰናል፤ የሱ ግን በዛ። ከድር የሚባል፣ ራሱ ሳይስቅ ሰው የሚያስቅ ጓደኛ ነበረን። በራሶን «ውሃ ልማት» ብሎ ሰየመው። «ውሃ ልማት፣ የኛ ሰፈር መስመር መቼ ነው የሚገባው?» ይለዋል። በራሶ ይስቅና ጀሪካኖቹን አንጠልጥሎ ይወርዳል። አንዳንዴ ተኩስ እንሰማለን። ጆሯችንን ወደ ገደሉ እንጥላለን። ከዚያ ከገደሉ ሥር ጀሪካን ከጉልበት ጋር ሲጋጭ ይሰማል፤ ያኔ ሁላችንም አንድ ላይ እንተነፍሳለን።

ቀኑ ግን ረጅም ነው። ያላየው ሰው ግንባር ማለት ቀኑን ሙሉ ተኩስ ይመስለዋል፤ አብዛኛው መቀመጥ ነው። በዚያ መቀመጥ ውስጥ በራሶ ካርታ ማስቀረት አስተማረኝ።

«አንድ ምረጥ» አለኝ አንድ ረፋድ። የልብ ሰባት መረጥኩ። ከታች አደረጋት። በወዘ፤ እንደገና በወዘ፤ ገለበጠው። የልብ ሰባት ከታች ናት። ደገመልኝ። አሁንም እዚያው ናት። ዓይኔን አላመንኩትም።

«እንዴት አድርገህ ነው?»

«ቀኝ እጅ ሁሉን የሚያነሳ ይመስላል አይደል? ሁሉን አያነሳም። የግራ ጣት የታቹን ይዞ ያስቀራል። ሌላው እላዩ ላይ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል። በቃ።»

እሱ «በቃ» ያለው ነገር እኔን አበሳዬን አሳየኝ። የኔ ጣት አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ያደገ ነው፤ ጨርቅ መለካትና መቅደድ እንጂ እንዲህ ያለ ስርቆት አልለመደም። ወይ ሁለት ካርታ አስቀራለሁ፣ ወይ ሁሉም አፈር ላይ ይበተናል። አቧራውን እያራገፍኩ እንደገና እጀምራለሁ። ከእጄ የባሰው ግን ዓይኔ ነበር። ጣቴን ትክ ብዬ አያለሁ።

«ጣት አትይ» ይለኛል በራሶ። «እኔን እይ። አውራ። እናቴ ቡና ማጠቢያው ጋ የታጠበ ቡና ስትለቅም ብታይ! ቡናው ማድረቂያው አልጋ ላይ ተሰጥቷል፣ ዓይኗ ወሬ ላይ ነው፣ ጣቷ ግን እንከኑን አውጥቶ ይጥላል። አንተ ጣትህን ካየህ ሌላውም ሰው ጣትህን ያያል።»

ያንን አልጋ እኔም አውቀዋለሁ። በመከር ጊዜ ሴቶቹ ከሽቦው ወዲህና ወዲያ ተሰልፈው የአገር ወሬ ሲያወሩ፣ የተሰበረውና የነቀዘው ፍሬ ከሥራቸው እየተለየ ይወድቃል። እኔም ማውራት ጀመርኩ። ስለ ዲላ ገበያ፣ ስለ እህቴ ሠርግ፣ ስለ አባቴ ክርክር አወራለሁ፤ እጄ ይበውዛል። አንድ ቀን አባቴ ጪጩ ገበያ ላይ ከአንዲት ደንበኛ ጋር ስለ አንድ ነጠላ እንዴት እንደተጨቃጨቀ እየተረክሁለት፣ በራሶ ካርታውን ከእጄ ወስዶ ገለበጠው። የልብ ሰባት።

«አሁን ቡና ለቃሚ ሆንክ» አለኝ።

በዚያ ኮረብታ ላይ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንደ ልጅ ነበር የፈነደቅሁት።

ደስታው እስከ ማምሻ ብቻ ቆየ። በራሶ ለውሃው ሲበውዝ፣ ዓይኔ ሳላዘው ግራ እጁ ላይ አረፈ። ጣቶቹ የታችኛዋን ይዘው አስቀሩ። ሃምሳ አለቃው መታ አደረጉ። ካርታው ዞረ፤ የመጨረሻዋ ለራሱ ደረሰች። ጆከር። ከድር «ውሃ ልማት!» ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ሲመለስ ጠጋ ብዬ «አየሁህ» አልኩት።

«ካየህ ዝም በል።»

«ለምን ትሠራዋለህ?»

«ኮንጋ ሜዳ የት አለ? እኔ ገደል ላይ ነው ያደግሁ። እናንተ ስትወርዱ ድንጋይ ትረግጣላችሁ፤ ድንጋይ ይጮሃል፤ ያ ሰውዬ ይተኩሳል።» ትንሽ አሰበና «ነፋስ አቧራ ሲያነሳ ግን ሰው አይታይም። ያን ቀን ካርታ አላስቀርም። ለደረሰው ይድረስ» አለ።

እውነቱን ነበር። መለስ ብዬ ሳስበው፣ ሌሎቻችን የወረድነው አቧራ በነበረበት ማምሻ ብቻ ነው። መጀመሪያ ተናደድኩበት፤ ማን ጠይቆት ነው እኛን የሚሸከመው? ቀጥሎ እንደ ወንድም ወደድኩት። ከዚያ ፈራሁለት፤ ፍርሃቱም አለቀቀኝም።

አንድ ንጋት ላይ መጡብን። ከባድ መሣሪያው ቀደመ። የምሽጋችን ቀኝ ጥግ ተናደ። ወደ ግራ ተሰበሰብን። ሽቅብ ወጡ፤ መለስናቸው። ረፋዱ ላይ ደግመው ወጡ፤ መለስናቸው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ተኩሱ ቆመ። ሃምሳ አለቃው ስም ጠሩ። ከድር «አቤት» አላለም። መልካሙ አላለም። ፍቅሬ አላለም። ሰባት ቀረን።

ከሰባቱ ሁለቱ ቆስለው ተኝተዋል፤ ውሃ ይላሉ። ጀሪካኖቹ ባዶ ናቸው። በራሶን ጥይት አልነካውም፤ ትኩሳት ግን ከዋዜማው ጀምሮ ይዞት፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ማምሻው ጥርት ያለ ነበር። ነፋስ የለም፤ አቧራ የለም።

«በራሶ ተኛ፤ ለአራት ሰው ካርታ ለዩ» አሉ ሃምሳ አለቃው።

«ካርታው የኔ ነው» አለ በራሶ። «እኔ ከሌለሁ ጨዋታ የለም።» ለመቆም ሞከረ፤ ቆመም። ሃምሳ አለቃው አዩትና «እሺ፣ አምስት ይሁን» አሉ።

እጁን ወደ ካርታው ሲዘረጋ ምን ሊያደርግ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወይም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። በዚያ እግሩ ከወረደ እንደማይመለስ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ቀድሜው አነሳሁት።

«ዛሬ እኔ ልበውዝ።»

በራሶ አየኝ። ገባው። «ስንታየሁ፣ ተው» አለ። ከዚያ በላይ ቢናገር ራሱን ያጋልጣል።

ፈርቼ ነበር። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጆከሯን ከታች አደረግኩ። ጣቴን አላየሁም። ሃምሳ አለቃውን ፊት ለፊት እያየሁ ስለ ከድር አወራሁ፤ «የኛ ሰፈር መስመር መቼ ነው የሚገባው» ይል እንደነበር። ድምፄ ሲሰበር ይሰማኛል፤ እጄ ግን አልተሰበረም። የግራ ጣቶቼ ያዟት፤ አስቀሯት። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ በውዤ አላውቅም። መታ እንዲያደርጉልኝ ካርታውን ለሃምሳ አለቃው አቀረብኩ።

መታ አላደረጉም። ከላይ አራቱን ካርታ አነሱ፤ የታችኛዋን ብቻዋን አስቀሩ። ከዚያ አራቱን ከሥሯ ከተቱ። ከታች የነበረችው ከላይ ሆነች። የቆረጠ የመጀመሪያዋን ይወስዳል። እስክሰጣቸው እንኳ አልጠበቁም፤ ራሳቸው አንስተው መሬት ላይ ገለበጧት። ጆከር።

«ሃምሳ አለቃ፣ ያውቁ ነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«ከጀመረ ጀምሮ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «መንገዱን እንደሱ የሚችል የለም። ግን ስሙን ጠርቼ ልልከው አልቻልኩም። ራሱን ሲልክ ዝም አልኩ። ዛሬ እሱ አቅም የለውም፤ አንተ ደግሞ የሱቅ ልጅ ነህ።» ጀሪካኖቹን አንስተው ወረዱ።

ድንጋይ ጮኸ። አንድ ተኩስ ተሰማ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ምንም። በራሶ ብርድ ልብሱን ጥሎ ምሽጉ አፍ ላይ ቆመ። ከጎኑ ቆምኩ። ትኩሳቱ በእጅጌው በኩል ይሰማኛል። ዓይናችን ከመንገዱ አልተነሳም። ሰው ልኮ መቀመጫ ማጣት ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

መጀመሪያ የሰማነው የውሃ ጠብታ ነው። ቀጥሎ ኮቴ። ሃምሳ አለቃው አንዱን ጀሪካን አንጠልጥለው፣ ሌላውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ በአውራ ጣታቸው የጥይት ቀዳዳውን ወትፈው ብቅ አሉ። ልብሳቸው ርሷል፤ ውሃ ነው፤ ደም አይደለም።

«ይኼኛው ቆስሏል» አሉ። «መጀመሪያ እሱን ጠጡት።»

በራሶ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረበት። እኔም አልቀረሁም። እፎይታ ሰውነትን እንደዚያ እንደሚያዝል አላውቅም ነበር። ቁስለኞቹ ጠጡ። ሁለቱም ተረፉ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ተተኪዎቻችን መጡ። ከአሥር ሰው ሦስት አጥተን ወረድን፤ ከድርን፣ መልካሙን፣ ፍቅሬን። ሦስቱም የወደቁት በዚያ ንጋት ነው። በውሃው መንገድ አንድም ሰው አልሞተብንም። ኮረብታው ዛሬ በማን እጅ እንዳለ ጠይቄ አላውቅም።

በየዓመቱ የቡናው ሥራ ጋብ ሲል ኮንጋ፣ በራሶ ቤት እንገናኛለን። ሃምሳ አለቃ ጥላሁን በጡረታ ጪጩ ናቸው፤ ሞተር ላይ ከኋላ ተቀምጠው፣ «ቀስ በል» እያሉ ባለሞተሩን ሲቆጡ ይመጣሉ። ዘንድሮም መጡ። በራሶ ያንኑ ካርታ ከፌስታል አወጣ። አሥር ለየ፤ በወዘ። ሃምሳ አለቃው መታ አደረጉ። ለኛ ለሦስታችን፣ ሩቅ ላሉት ለአራቱ፣ ለሞቱት ለሦስቱ አደለ። ሁልጊዜ በመጀመሪያ የሚገልጠው የሞቱትን ካርታ ነው። ጆከሯ ለነሱ ወጥታ አታውቅም።

«አንድ ቀን እንኳ ለከድር አይደርሰውም?» አልኩት፣ ለቀልድ ያህል።

«እነሱ ተራ ጨርሰዋል» አለ በራሶ።

በደንባችን የበወዘ የመጨረሻዋን ይወስዳል። ዘንድሮ ግን ለራሱ ቀድሞ አድሎ የመጨረሻዋን ለእኔ ጣለልኝ። ገለበጥኳት። ጆከር። ሃምሳ አለቃው በሣቅ አንገታቸውን ነቀነቁ።

ጀሪካን አንስቼ በእንሰቱ መሃል ባለችው መንገድ ወረድኩ። ጠራራ ፀሐይ ነበር። ድንጋይ ረገጥኩ፤ ጮኸ። ማንም አልተኮሰም። ምንጩ ጋ ፊቴን ታጠብኩ፤ ውሃ ከሚቀዱት ሴቶች ጋር አወራሁ፤ ደስ ስላለኝ ቆየሁ። ሽቅብ ስመለስ ሁለቱም ከቤት ወጥተው አጥሩ በር ላይ ቆመው ነበር። መንገዱን ያያሉ። ጀሪካኑ ከጉልበቴ ጋር ሲጋጭ ሰሙና አንድ ላይ ተነፈሱ።