እጄን የመለሰልኝ የቃሪያ መደብ

ያስገቡኝ ክፍል መስኮት አልነበረውም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ሥር ብቻ ነው፤ ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ፣ ጥጉ ላይ የሽንት ባልዲ። ቀበሌ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነገር ነው ከጭሮ አስነስቶ ስሟን ወደማልጠራት የወረዳ ከተማ ያስወሰደኝ። ብቻዬን አቆዩኝ። የጣቢያው አዛዥ ሲያሻው ያስጠራኝና እጄን በሽቦ ያስገርፈኛል። እሱ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ጫቱን ይቅማል።

ከሌሎቹ እስረኞች ጋር የቀላቀሉኝ ዕለት አንዱ ሻይ ሰጠኝ፤ ግማሹ ጭኔ ላይ ፈሰሰ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ልጆቼ የሚበሉት በእነዚህ ጣቶች ነው። ያን ቀን የፈራሁት ሞትን አይደለም። ወጥቼ የስፌት መኪናዬ ፊት ስቀመጥ፣ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት እንዳያቅተኝ ነው። እንቅልፍም ጠፋ። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ የአዛዡ አንገት ነበር።

ከእኛ ጋር አንድ የበደሳ አዛውንት ታስረው ነበር፤ ቡናና ጫት ሲያለሙ የኖሩ ሰው። ግቢ ወጥተን ፀሐይ ስንሞቅ አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«አቦ፣ ምንድነው የምታስበው?»

«እንዴት እንደምገድለው ነዋ፣ አባባ።»

እጄን አዩት። «ወላሂ፣ ይሄ እጅ ቢላ አይዝም። መጀመሪያ እጅህ ይዳን። ና አፈር እንቆፍር።»

ከታሰርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አመለጠኝ። ተነስቼ ተከተልኳቸው።

ከውሃው በርሜል አጠገብ፣ ግንቡ ሥር ትንሽ መደብ ነበራቸው። ሚስቴ ከጭሮ ከምትልከው ስንቅ ውስጥ የቀላ ቃሪያና የበሰለ ቲማቲም እየለየን ፍሬውን አደረቅን። ዶማ ማን ይሰጠናል? በቆርቆሮ ክዳን ቆፈርን፤ ጓሉን በጣቴ አደቅቀው ነበር። ችግኝ ላዛውር ስል መጀመሪያ የያዝኩትን ሰበርኩት። ሁለተኛውንም። «ተወው፣ ሌላ አለ» ይሉኛል። ውሎ አድሮ መስበሬን ተውኩ። አንድ ጠዋት ስነቃ ከአዛዡ አስቀድሜ ያሰብኩት ችግኞቹን ነበር። ምግብ ጣመኝ፤ ቀን ሲቆፍር የዋለ ገላዬ ማታ ይተኛል። ቂሜ ግን የትም አልሄደ። እንዲያውም በደንብ የተኛ ሰው ቂሙንም አጥርቶ ያስባል።

አዛዡ ይህን ሰማና «ውሃው ለሰው ነው» ብሎ መደቡን ማጠጣት ከለከለ።

«ውዱእ ከልክሏል?» አሉ አዛውንቱ።

አልከለከለም። ከዚያ በኋላ ሙስሊሞቹ እስረኞች ለሶላት የሚታጠቡት መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብለው ሆነ። እኔ ክርስቲያኑም ከእነሱ ጋር ፊቴንና እግሬን መታጠብ ጀመርኩ።

«አንተ ደግሞ መቼ ሰለምክ?» አለኝ ዘበኛው።

«ሙቀቱ ነው» አልኩት።

ቃሪያው ማፍራት ሲጀምር አዛዡ አስጠራኝ። እንግዳ ይመጣበታል፤ የደንብ ልብሱ ቁልፍ ተበጥሷል። መርፌና ክር ጠረጴዛው ላይ አኑሮ «ልብስ ሰፊ ነህ አሉ፤ እስቲ እንይህ» ብሎ ሳቀ። ዓይኑ እጄ ላይ ነበር። የክሩን ጫፍ በምራቄ አረጠብኩና በአንድ ጊዜ አስገባሁት። ሳቁን አቆመ። እኔም መርፌውን ከነክሩ ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩ።

«ምነው?»

«እጄ ይችላል፤ አይተውታል። ለእርስዎ ግን አልሰፋም።»

መስኮት ወደሌለው ክፍል መለሱኝ። እስክፈታ ድረስ ግቢውን አላየሁም። ቃሪያውን ሌሎቹ በሉት፤ እኔ አልቀመስኩም። ይቆጨኛል ብዬ ነበር፤ አልቆጨኝም።

ዛሬ ጭሮ ነኝ። ጓሮዬ ውስጥ ጎመን፣ ሰላጣና ካሮት አለኝ። ጠዋት ሳልቆፍር ከዋልኩ ጣቶቼ ይከብዱኛል፣ ሰውም ያስጠላኛል። አዛዡ ከሥራው ወጥቶ እዚሁ ከተማ ይኖራል። ባለፈው ክረምት አስታርቁኝ ብሎ ሽማግሌ ላከብኝ። ጓሮ አስቀመጥኳቸው።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፣ ልጄ» አሉ አንደኛው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፣ አባቴ።»

ሌላኛው ዙሪያውን ቃኙ። «እንዲህ ያለ አትክልት የሚያሳድግ ሰው፣ ምነው ልቡ ደነደነ?»

«አትክልት እጄን አድኖልኛል። እንቅልፌንም መልሶልኛል። ቂሜን ውሰድልኝ ብዬ ግን አልለመንኩትም።»

የመጣን ሽማግሌ እንዲሁ መሸኘት ነውር ነው፤ ለየቤታቸው ሰላጣና ጎመን ቆርጬ አስያዝኳቸው። ለአዛዡ ግን ይቅርታ አልላክሁለትም። ራሱ ይምጣ፣ ያደረገውን በገዛ አፉ ይንገረኝ አልኳቸው። ቢመጣስ ይቅር እለው ይሆን? እንጃ። እስካሁን አልመጣም። እኔ እንደሆነ ጤነኛ ነኝ፤ እጠብቀዋለሁ።