ልጄን ዝምተኛ ናት ያልኩ ቀን

ሴትዮዋ ኳሱን አልነበረም የምታየው። ይህን ለመለየት ብልህ መሆን አያስፈልግም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሜትሮ ጣቢያ መግቢያ ላይ፣ በመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሰው ሳይ ኖሬያለሁ። ትኬት ያለው ሰው ወደፊት ያያል፣ የሌለው እኔን ያያል። እሷ ደግሞ ልጄ ከቅርጫት ኳስ ሜዳው ወጥታ ስትቀመጥ፣ ውሃ ስትጠጣ፣ ፎጣዋን ስታጥፍ ሳይቀር ዓይኗን አልነቀለችም። እያየች ትጽፋለች። አንዴ ቀና ብላ እኔን አየችና እንደገና ጻፈች።

ሶሻል ናት አልኩ በልቤ። ስቶክሆልም ውስጥ ልጅ ያሳደገ ሐበሻ ይህን ፍርሃት ያውቀዋል። ሶሻል የምንለው የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮውን ነው፤ ቤት ውስጥ ጩኸት የሰማ ጎረቤት ይደውላል፣ እነሱ ይመጣሉ፣ ይጽፋሉ፣ ልጅ ይወስዳሉ እየተባለ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ እስከ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይወራል። እንዲህ የደረሰበት ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፣ ማንም አይወስዳትም። ይህን እያወቅሁ እንኳ ፈራሁ።

ጨዋታው ሲያልቅ አሠልጣኙ አስተዋወቀን። ሴትዮዋ አሜሪካ ካለ አንድ ኮሌጅ የመጣች ናት፤ ሥራዋ በየአገሩ እየዞረች ሁለተኛ ደረጃ የሚጨርሱ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን መመዘን ነው። ልጄ ጋርድ ናት፤ ኳሱን ከኋላ ይዛ የምታመጣው፣ ማን የት እንደሚቆም የምታዘው እሷ ናት። ኮሌጁ ለመጪው ዓመት አንዲት ጋርድ ይፈልጋል፤ ከታጩት የቀሩት ሁለት ናቸው፣ ልጄና አንዲት የሌላ አገር ልጅ። ልጄ ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ የምትመኘው ይህንኑ ነበር። እኔ ደግሞ ሴትዮዋን መታወቂያ አሳዪኝ አልኳት። ልጄ በሀፍረት ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ሴትዮዋ ሳትቀየም ካርዷን ሰጠችኝ፤ ገለባብጬ አየሁት። እንዲህ ያለ ካርድ ማንም ማተሚያ ቤት ሄዶ ያሠራል።

ይባስ ብላ ቤታችሁ ልምጣ አለች። ወላጅን በቤቱ ማነጋገር የአሠራራቸው ወግ ነው አለኝ አሠልጣኙ። ስለ ኳስ ለማወቅ የእኔን ሳሎን ማየት ምን ያደርጋል? ባለቤቴ አረጋውያን መጦሪያ ፈረቃ ላይ ስለነበረች፣ ከከተማው ዳር ፊቲያ ሰፈር ያለውን ቤታችንን ብቻዬን ወለወልኩ። ማቀዝቀዣውንም ሞላሁት፣ ሶሻሎች ከፍተው ያያሉ ሲባል ሰምቻለሁና። ልጄንም ቁጭ አድርጌ መከርኳት፤ ስትናገር አታቋርጫት፣ የምትጠይቀውን እኔ እመልሳለሁ፣ አንቺ አንገትሽን ደፋ አድርጊ።

ሴትዮዋ የቀረበላትን በላች፣ ከዚያ ደብተሯን አወጣች። ልጅዎ ስትናደድ ምን ታደርጋለች? አትናደድም አልኳት። ጓደኛዋ ሜዳ ላይ ስታጠፋስ ምን ትላታለች? ምንም። ከእርስዎ ጋር ሳትስማማ ስትቀር? አንድም ቀን ቀና ብላ መልሳልኝ አታውቅም፣ ዝምተኛ ናት፣ ጨዋ ናት፣ ድምፅዋ አይሰማም አልኩ አፌን ሞልቼ። እኛ ዘንድ ልጅ ለእንግዳ የሚመሰገነው እንዲህ ነው፤ እናቴም ስለ እኔ ለጎረቤት እንዲህ ስትል ነው ያደግሁት። ሴትዮዋ ሶሻልም ብትሆን በዚህ ጥፋት አታገኝብንም። የመጨረሻውን መልሴን ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረች።

ሸኝቼያት በሩን እንደዘጋሁ ልጄ ፊቴ ቆመች። በአማርኛ ሳናግራት በስዊድንኛ ነው የምትመልስልኝ፤ ያን ቀንም በስዊድንኛ ጀመረች። ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም። ጋርድ የቡድኑ አፍ ነው፣ ዝም የሚል ጋርድ ማንም አይፈልግም፣ ሴትዮዋ የመጣችው ያንኑ ልታውቅ ነበር አለች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ጓደኞችሽ ላይ ለምን ትጮሂያለሽ ብለህ ሰው ፊት ተቆጥተኸኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንተ በተቀመጥክበት አዳራሽ ድምፄ አይወጣም አለችኝ። እኔ ረስቼዋለሁ። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረች፣ ቃሉ እንዳያመልጠኝ ብላ ይመስለኛል።

«ሆን ብለህ ነው አባዬ። እንዳልሄድ ብለህ ነው።»

እንዴት እንዲህ ትጠረጥሪኛለሽ ብዬ ተቆጣሁ። ክፍሏ ገባች፤ ሦስት ቀን በስዊድንኛም በአማርኛም አላናገረችኝም።

ሦስቱን ቀን እኔም ስጠረጥር ሰነበትኩ። አሠልጣኙ ነው ይህን የሞላት አልኩ። ሴትዮዋ ናት ከአባቷ ልታጣላት ያን ሁሉ ጥያቄ ያመጣችው አልኩ። ልጄም ታጋንናለች አልኩ፤ እኔ እንደማውቃት ሜዳ ላይ በእጇ ከመጠቆም አልፋ አታውቅም። ስለዚህ ላረጋግጥ ተነሳሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሻርሆልመን በሚባለው ሰፈር ጨዋታ ነበራቸው። ሥራ አለብኝ ብዬ ዋሸሁና፣ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ደርሼ ከአዳራሹ በር ውጪ ቆምኩ። በሩ ላይ መዳፍ የምታክል መስታወት አለች።

በመስታወቷ ከማየቴ በፊት ሰማኋት። አንዷን ወደ ግራ ላከች፣ ሌላዋን ተመለሺ አለች፣ የዘገየችውን በቁጣ አጣደፈቻት፤ ከእሷ በአንድ ራስ የምትበልጠው ልጅ እየሮጠች ታዘዘች። ከሆዷ የሚወጣ፣ የማይጠራጠር ድምፅ ነበር። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ በጣም ከፋኝ። አሥራ ስምንት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ይህን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም።

ሴትዮዋም ጨዋታውን ልታይ መጥታ ኖሮ በመስታወቷ አየችኝና ደብተሯን ይዛ ወጣች። ስለ ልጄ የነገርኩሽ ልክ አይደለም አልኳት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። ትቆጣለች፣ ትጮኻለች፣ ከእኔም ጋር አትስማማም፤ አንቺ ከቤት እንደወጣሽ ፊት ለፊት ነው የተናገረችኝ። ደብተር ለያዘ ሰው ይህን መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ የአገሬ ሰው ያውቀዋል።

እሷ ደብተሩን አልከፈተችም። የልጅዎን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ እርስዎ በሌሉበት ሁለት ጊዜ መጥቼ ሰምቻታለሁ አለች። ያሰመርኩበት ስለ እሷ ሳይሆን ስለ እርስዎ ነው፤ ወላጆቻቸው ከልባቸው ሳይለቋቸው ወደ እኛ የሚመጡ ልጆች የገና በዓል ሳይደርስ ሻንጣቸውን ይዘው ይመለሳሉ። እኔን ጭምር እንደምትመዝነኝ መጀመሪያውኑ መጠርጠሬ ልክ ነበር፤ ግን ልክ መሆኔ ምንም አላስደሰተኝም። ምን ብላ ነው የተናገረችዎ ስትል ጠየቀችኝ። እንዳትሄድ ሆን ብዬ ያደረግሁት መስሏታል አልኳት።

«እውነቷን ነው?»

ለዚህ ጥያቄ ሦስት ቀን መልስ ሳዘጋጅ ነበር። ያን ቀን ሳሎኔ ውስጥ ሶሻልን ፈርቼ እንደተናገርኩ ዛሬም እምላለሁ። ነገር ግን ሴትዮዋ ከመልሴ ሥር ስታሰምር፣ ነገሩ እንደተበላሸ ገብቶኝ፣ እፎይ ብዬ ነበር። ለምን እፎይ እንዳልኩ ራሴን ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

እውነቷን ነው አልኳት። ለእሷ ነግረዋታል ወይ አለችኝ። አልነገርኳትም። እንግዲያው ለእኔ መንገርዎ ምን ይጠቅማታል ብላ በሩን ከፈተችልኝ።

ልጄ ኳሱን እያነጠረች ስትመጣ በሩ ላይ ቆሜ አየችኝ። ድምፅዋ ቀጥ አለ። ጓደኞቿ ወዴት እንደሚሄዱ ጠፍቷቸው ሲቆሙ አንዲት የተጋጣሚ ቡድን ልጅ ኳሱን ከእጇ ነጠቀቻትና ሄዳ አገባች። ያን ጊዜ ነው በዚያ ሁሉ ፈረንጅ ፊት፣ በአማርኛ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ የጮህኩት።

«ልክ ነሽ፤ ሆን ብዬ ነው!»

አዳራሹ ዞሮ አየኝ፤ ከእሷ በቀር ማንም አልገባውም። ትንሽ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ኳሱን ስጡኝ ብላ ጮኸች፤ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ድረስም ዝም አላለችም።

ተቀብለናታል የሚለው የኮሌጁ ደብዳቤ በወሩ መጣ፤ ነሐሴ ላይ ትሄዳለች። እንድትሄድ ዛሬም አልፈልግም፤ እሱንም ነግሬያታለሁ።