«ለልኬት ነው» ያልኩ ለት

ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ዋሸሁ። ከዚያ በፊት አልዋሸሁም ማለቴ አይደለም፤ ለባለቤቴ ስለ አረቄው፣ ለንስሐ አባቴ ስለ ጾሙ ስዋሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን የዋሸሁት በሥራዬ ነው፤ ቃሏም አንዲት ነበረች።

ከራቤል ከተማ በታች ባለው ዳገት ላይ፣ ከአንድ ገበሬ ቤት በላይ መሬቱ ተሰንጥቋል የሚል ወሬ ለወረዳ ጽሕፈት ቤታችን ደረሰ። ጽሕፈት ቤቱ የመሬት አስተዳደሩንም የአካባቢ ጥበቃውንም በአንድ ጣራ ሥር የያዘ ነው፤ እኔ የአካባቢ ጥበቃው ባለሙያ ነበርኩ። ሄጄ አየሁት። ስንጥቁ ገብሱን ሰንጥቆ ዳገቱን አግድም ይዞት ይሄዳል። ጠጠር ወረወርኩበት፤ ሲያርፍ አልሰማሁም። ጆሮዬ ድሮም ደካማ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ኃላፊያችን ልጄ የሚሆን፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው። «ጋሼ፣ ከዞን ባለሙያ እስኪመጣ ለማንም እንዳይናገሩ» አለኝ። «ውጡ ብንላቸው የት እናስገባቸዋለን? ገብሱም ገና አልታጨደም።» ነገሩ ውሸት አልነበረውም። እኔም ጡረታዬን በሰላም እስክይዝ ብዬ እሺ አልኩ።

መሣሪያ ስላልነበረን ሁለት ችካል ተከልኩ፤ አንዱን ከስንጥቁ በላይ በጎረቤትየው ማሳ፣ አንዱን ከስንጥቁ በታች በገበሬው። ከችካል ችካል ልክክ ብሎ የሚደርስ ሲባጎ ቆረጥኩ። ጫፉን የያዘልኝ ገበሬው ራሱ ነበር።

«ይኸ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ለልኬት ነው» አልኩት። ሳልዋሽ አመለጥኩ ብዬ በልቤ ኮራሁ።

በየሳምንቱ በበቅሎ እየሄድኩ ሲባጎውን እዘረጋለሁ። መጀመሪያ በአውራ ጣት ውፍረት አጠረ። ቀጥሎ በሁለት ጣት። ከዚያ አንድ ቀን ሲባጎው ረዝሞ ተንዘላዘለ፤ ትርፉ አንድ ክንድ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። መሬት እንደ ቁስል እንደማይገጥም አውቃለሁ። ኃላፊው ግን ደስ ብሎት «ስንጥቁ እየገጠመ ነው፤ አያሰጋም» ብሎ ሪፖርት ጻፈ፤ እኔም ፈረምኩ። ፊርማዬ ድሮም ያምራል፤ ያን ቀን ይበልጥ አሳመርኩት።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ገበሬው ቤቱ አስገብቶ ጠላ ቀዳልኝ። ሚስቱ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠጋ አለኝ።

«ጋሼ፣ ውለታዎን አልረሳም።»

«የምን ውለታ?»

«አይተው ዝም ያሉኝን ነዋ። ችካሉን አንድ ክንድ ብቻ ነው ወደ ላይ ያስጠጋሁት። እሱ የላዩ ጎረቤት እንደሁ ከአባቱ ጀምሮ ሲገፋን የኖረ ነው።»

ጠላውን አስቀመጥኩት። ልኬት ስለው የሰማው የይዞታ ልኬት ነው፤ ችካሉ ደግሞ ወሰን። ከመሬት ጽሕፈት ቤት የመጣ፣ ችካል የታቀፈ ሽማግሌ ልኬት ሲለው ሌላ ምን ያስብ?

እውነቱን ነገርኩት፤ ችካሉ የወሰን ሳይሆን ተራራው ቤቱ ላይ ሊወርድ እንደሆነ መለኪያ ነው አልኩት። ሳቀ።

«ያኔ ልኬት፣ ዛሬ ተራራ። ሙክት ካሰኘዎት እንደ ሰው ይጠይቁኝ እንጂ።»

«ተነሥ፣ እንውጣ» አልኩት።

የቀድሞውን ጉድጓድ በእጁ ዳብሶ አገኘውና ችካሉን መልሶ ተከለ። ያኔ የያዘውን የሲባጎ ጫፍ አስያዝኩት፤ እኔ ሌላውን ይዤ ስንጥቁን በጭንቅ ተሻገርኩና ወደ ላይኛው ችካል ሄድኩ። አልደረሰም። ከስንዝር በላይ ቀረው። ሳብኩት፤ ከረረ።

«ቀስ ይበሉ፣ ይበጠሳል» አለኝ። ድምፁ ቀልድ አልነበረበትም። ወደ ታች ወደ ቤቱ ተመለከተ። ሚስቱ ደጅ ላይ ገብስ ታሰጣለች።

«መቼ ነው የሚወርደው?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ያውቃሉ?»

በሦስተኛው ቀን ቤተሰቡንና ከብቱን ይዞ ወንድሙ ዘንድ ገባ። እኔም ኃላፊው ፊት ቆሜ ችካሉ ተነቅሎ እንደነበር ተናገርኩ። «ጋሼ፣ ሪፖርቱ እኮ ሄዷል፤ ፊርማውም የእርስዎ ነው» አለኝ። ሌላ ጻፍኩ። ተቀበለኝና መሳቢያው ውስጥ አስገባው። በሽኝቴ ቀን ጋቢ አልብሰው «በታማኝነት ያገለገሉ» አሉኝ። ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ።

ክረምቱ መጥቶ ሄደ፤ ተራራው አልወረደም። ገበሬው ገበያ ባገኘኝ ቁጥር ሰው እየሰማ «ጋሼ፣ ያ ተራራዎ መንገድ ጠፋው እንዴ?» ይለኛል። አብሬው እስቃለሁ። ነገር ግን ዝናብ ጣራዬን ሲደበድብ፣ ተራራው በወረደና ገበሬው ባመነኝ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ አለ። ቤቱ ባዶ ነው፣ ማንም አይጎዳም እያልኩ። የሰው ቤት ፈርሶ ምስክር እንዲሆነው የሚመኝ ሽማግሌ ሆንኩ።

ባለፈው ሰኔ ገበሬው ቤቴ መጣ። አልቀለደም። የወንድሙ ቤት መሮታል፤ ቀበሌውም ያንን «አያሰጋም» የሚለውን ወረቀት አሳይቶታል።

«ፊርማዎን አየሁት» አለኝ። «ኋላ ጻፍኩ የሚሉትን ግን ያየ የለም። የትኛውን ልመን?»

«የኋለኛውን።»

«ማኅተም አለው?»

«የለውም።»

ተነሥቶ ሄደ።

በሳምንቱ፣ ሁለት ቀን ሲዘንብ ከሰነበተ በኋላ፣ አፋፉ ላይ ቆሜ ቁልቁል ስመለከት ከዚያ ከባዶው ቤት ጭስ ይወጣል። በቅሎዬ አርጅታለች፤ እኔም እንደሷ። ጭቃው እያዳለጠኝ፣ ሁለት ጊዜ በመቀመጫዬ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ገበሬው ከብት ሊያመጣ ሄዷል። ሚስቱ በር ላይ ተቀበለችኝ።

«ይግቡ አባቴ፤ ምነው እንዲህ በጭቃ ተነከሩ?»

«አልገባም። ልጆቹን ይዘሽ ውጪ።»

«ማን ብሎ?» አለች፣ ሳትቆጣ።

ማን ብሎ እንደምላት ሳስብ ዓይኔ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ አረፈ። አዲስ የተመረገ ነው፤ ጭቃው ገና እርጥብ ነው። ከመሬት ተነሥቶ እስከ ጣራው ድረስ ተተርትሯል። ወዴት እንደማይ አይታ ዞረች። ጠጋ ብላ ጣቷን አስገባችበት፤ እስከ አንጓዋ ገባ።

«ዛሬ ጧት ነው እኮ የመረግሁት» አለች።

 ጎንበስ ብላ ሕፃኑን አዘለች።